የተዘጋው ጥቁር መስኮት

መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሺዋስ ዓይኑን የጣለው በእንቁላል መፈልፈያው ሣጥን ላይ ባለችው ትንሽ ቀይ አምፖል ላይ ነበር። የጣሪያው መብራት በርቷል። ኮምፒውተሩም እያጓራ ተነሥቷል። ቀይዋ አምፖል ግን እንደ ጨለመች ቀረች። እርሷ ካልበራች ማሞቂያው አልሠራም ማለት ነው። በሣጥኑ መስታወት በኩል የሚታየው ቴርሞሜትር ሠላሳ ሰባት ላይ መቆም ሲገባው ወደ ሠላሳ ሦስት ወርዷል።

ሣጥኑ ውስጥ በሦስት መደብ የተደረደሩት እንቁላሎች የአምበር ሴቶች ንብረት ናቸው። በማኅበር ተደራጅተው፣ እያንዳንዷ ከራሷ ዶሮዎች እየመረጠች አምጥታ ለየሺዋስ አስረክባለች። ጫጩቶቹ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነው። ባለፈው ዙር መብራት ጠፍቶ እንቁላሉ ሁሉ ውሃ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ማሽኑን ለሙከራ የሰጡት ሰዎች መጡና፣ «ይኸኛውም ዙር ከከሸፈ ለጉንደ ወይን ሴቶች እንሰጠዋለን፤ ተራ እየጠበቁ ነው» ብለው ሄዱ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እትዬ ሥራነሽ መኪናቸው እስኪርቅ ቆመው አዩዋቸው። ከዚያ ወደ የሺዋስ ዞረው፣ «ሰማህ አይደል?» አሉት።

የሺዋስ ሰምቷል። እርሱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቆመ፣ ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ የሚተሳሰርበት ወጣት ነው። እናቱ ቅቤ ይዞ ገበያ እንዲቀመጥ ሲልኩት ዋጋ መጥራት እያፈረ ሳይሸጥ ይመለስ ነበር። እንቁላል ግን አያናግርም። ሰፈርተኛው «ታቃፊው» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ «ታቃፊው፣ ተነሥተህ ወጣህ እንዴ? አይቀዘቅዙብህም?» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ቢሆንም ይህን ሥራ የሚያህል የተስማማው ነገር በዕድሜው አላገኘም።

ወትሮ ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም በራሱ ጊዜ ይጀምር ነበር። የሺዋስ የሚያየው ቁጥሩ የሚወጣበትን መስኮት ብቻ ነው። ማሽኑን የገጣጠመው የእትዬ ሥራነሽ የእኅት ልጅ መሳፍንት፣ «ይኼ መስኮት ማሳያ ነው፤ ብትዘጋውም ሥራው ከውስጥ ይቀጥላል» ብሎታል። እውነትም ስንት ጊዜ ዘግቶ ስንት ጊዜ ከፍቶታል፤ አንድም ቀን ማሞቂያው አልቆመም። ዛሬ ግን መስኮቱም አልመጣ፣ ሥራውም አልጀመረ።

ደብረ ማርቆስ ደወለ። መሳፍንት ሥራ ቦታው ነው፤ ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«የሺ፣ ምን ሆነ?»

«መብራት ሄዶ መጣ። ቀይዋ አልበራችም።»

«ስንት ላይ ነው?»

«ሠላሳ ሦስት። ኧረ አሁን ወርዷል።»

መሳፍንት ከጫጫታው ወጣ መሰለ፣ ድምፁ ጠራ። «እሺ። መብራቱ በድንገት ሲቋረጥ በራሱ የሚያስጀምረው ነገር ተበላሽቷል። ነገ መጥቼ አየዋለሁ። አሁን በእጅህ ታስነሣዋለህ።»

«በእጄ? እኔ?»

«እና ማን ይምጣልህ? ሥዕል መጫን የለም፤ ትጽፍለታለህ፣ እርሱ ይታዘዛል። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሥርዓት ሊኑክስ ነው፤ ያዘዝከውን እንጂ ያሰብከውን አይሠራም። ኮንትሮል፣ አልት እና ቲን አንድ ላይ ተጫን።»

ተጫነ። ጥቁር መስኮት ተከፈተ። ከላይ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ «እሺ፣ ምን ልታዘዝ?» እንደሚል አሽከር።

«ኤል ኤስ ጻፍ፤ በትንንሹ ፊደል። ከዚያ ኢንተር። ምን አወጣልህ?»

የሺዋስ በአንድ ጣቱ ጻፈ። የስም መዓት ተዘረገፈ። «ብዙ ነው። ‹ዶሮ› የሚልም አለ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል።»

«አዎ። እርሱን እንደ ጓዳ ቁጠረው። አንተ አሁን ደጅ ነህ። ሲ ዲ፣ ክፍተት፣ ከዚያ ‹ዶሮ› ብለህ ግባ።»

የሺዋስ ኢንተርን ከመንካቱ በፊት እያንዳንዷን ፊደል አየ። ነካ። ነጯ ምልክት አንድ መስመር ወርዳ እንደ ቀድሞው ብልጭ ድርግም አለች።

«ምንም አላለም።»

«ምንም ካላለ ተስማምቷል። ይኼ የሚናገረው ሲያኮርፍ ነው። እንደገና ኤል ኤስ በል።»

«‹ሙቀት› የሚል አለ።»

«ፕሮግራሙ እርሱ ነው። እንግዲህ ስሙን…»

ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሁለትን ሊነካ ነው። የሺዋስ ስሙን ጽፎ ኢንተርን ተጫነ። ኮምፒውተሩ አኮረፈ። ከእንግሊዝኛው መካከል «አልተገኘም» የምትለውን ከትምህርት ቤት ያውቃታል።

«አልተገኘም አለኝ! መሳፍንት፣ እዚሁ ነው ያለው፤ አሁን አየሁት እኮ!»

«ችኩል! ገና መች ጨረስኩ? አየህ፣ ስም ስትጠራለት የለመዳቸውን ሌሎች ቤቶች ነው የሚያንኳኳው። አፍንጫው ሥር ያለውን አይፈልግም። ‹እዚሁ የቆምኩበት ቤት ውስጥ ያለውን› በለው። መጀመሪያ ነጥብ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ያጋደለችውን ሰረዝ፣ ከዚያ ሳትለያይ ስሙን።»

ነጥብ። ያጋደለች ሰረዝ። ስሙ። ኢንተር።

በጥቁሩ መስኮት ቁጥር መውረድ ጀመረ፤ አንዱ ከሌላው ሥር፣ ሳያቋርጥ። ከሣጥኑ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀይዋ አምፖል ቦግ አለች።

«በራች! መሳፍንት፣ በራች!»

«ጎሽ! ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲደርስ ራሱ ያጠፋታል፣ ሲወርድ ያበራታል። አንተ ብቻ…»

ስልኩ ፀጥ አለ። በዚያው ቅጽበት በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አንድ ነገር ጠጠር እንደ ተወረወረ ነጠረ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያ በረዶው እንደ ጎርፍ ወረደ። የሺዋስ ስልኩን አየ፣ ኔትወርክ የለም። ግድ አልሰጠውም። ቁጥሩ እየወጣ ነው።

በሩ ተበርግዶ አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ ገባ። «የማርያም ያለህ! በረዶ ነው ወይስ ካብ ተናደ?»

አያ ታረቀ ናቸው፤ ጎረቤት፣ የሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ነገር ከጀመሩ የማይጨርሱ።

የሺዋስ ብድግ አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ታላቅ ሰው ሲገባ ይነሣል፤ የያዘውን ያስቀምጣል፤ ከፊቱ የተከፈተ ነገር ካለ ይዘጋል። አንድ ነገር ከፍቶ እያዩ ሽማግሌ ማናገር ነውር ነው። ይህን እጁ እንጂ ልቡ አያስበውም። በዚህ ቤት ውስጥም ሰው በገባ ቁጥር እንደዚያው ሲያደርግ ኖሯል። ቀኝ እጁ ማውሱን ወደ መስኮቱ ጥግ ገፋው፣ ተጫነ፣ ጥቁሩ መስኮት ጠፋ።

«ይቀመጡ፣ አያ» አለና ያለችውን አንዲት ወንበር አዞረላቸው።

«ኑርልኝ። አንተስ? ታቃፊው! አንተ ከተነሣህ ማን ሊታቀፍላቸው ነው?» እየሣቁ ተቀመጡ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የአያ ታረቀ ጀርባ ኮምፒውተሩንም የሣጥኑን መስታወትም ሸፈነው። የሺዋስ በግድግዳውና በጉልበታቸው መካከል ቆሞ ቀረ። ከሣጥኑ የሚታየው ከትከሻቸው በላይ ያለችው ቀይዋ አምፖል ብቻ ናት። በርታለች። ደስ አለው።

«ትናንት» አሉ አያ ታረቀ እጁን ያዝ አድርገው፣ በረዶውን ለመብለጥ እየጮኹ፣ «ከእነ ዓለምነው ቤት ዋልን። ስለዚያ ወይፈን።»

«የትኛው ወይፈን፣ አያ?»

«አልሰማህም? እህ! እንግዲያማ ከሥሩ ልንገርህ።»

ከሥሩ ጀመሩ። ወይፈኑ የተወለደበትን ዓመት፣ እናቲቱ ከማን እንደ ተገዛች፣ ያን ጊዜ ዓለምነው ምን ዓይነት ጥጋበኛ እንደ ነበረ። የሺዋስ «እሺ»፣ «አዎ»፣ «ውይ» ይላል። ዓይኑ ቀይዋ አምፖል ላይ ነው።

አልጠፋችም።

ብዙ ስለ ቀዘቀዘ ነው አለ በልቡ። ከሠላሳ ሁለት እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል።

ወይፈኑ አድጎ አጥር ጣሰ። የጎረቤት ጤፍ ውስጥ ገባ። አምፖሏ እንደ በራች ናት። ሁልጊዜ ጥቂት በርታ ጠፋ፣ ጥቂት በርታ ጠፋ ነው የምትለው፤ ይህን ያህል ቆማ አይቷት አያውቅም። በቤቱ ውስጥ የጋለ እንጨት ሽታ መሽተት ጀመረ።

«አያ፣ አንዴ…» አለ።

«ቆይ አስጨርሰኛ! ገና ወይፈኑ መች ተያዘ?» እጁን ጠበቅ አደረጉት። «እና ባለ ጤፉ ምን ቢል ጥሩ ነው?»

የሺዋስ አልሰማም። ጥቁሩን መስኮት እያሰበ ነበር። በሌላ ጊዜ የሚዘጋው ማሳያ ነው፤ ሥራው ከውስጥ፣ እርሱ ሳይነካው፣ በራሱ የተነሣ ነበር። ዛሬ ግን ፕሮግራሙን የቀሰቀሰው እርሱ ራሱ ነው፤ የቀሰቀሰውም እዚያው መስኮት ውስጥ ነው። መስኮቱን ሲዘጋው ውስጡ ያለውን ሠራተኛ ምን አደረገው? ከሞተ ደግሞ፣ ሳይሞት የሰጠው የመጨረሻ ትእዛዝ «አብራ» የሚል ነው። «አጥፋ» የሚል የለም። ማሞቂያው «ቁም» ተብሎ እንደ ተረሳ ዘበኛ እስከ መቼም እንደ ነደደ ይኖራል።

ከእጃቸው ውስጥ እጁን መንጭቆ አወጣ።

«አያ፣ ይነሡ!»

የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። አያ ታረቀ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ።

«ምን አልክ አንተ?»

«ይነሡልኝ! እንቁላሉ እየተቀቀለ ነው!»

ሽማግሌው ሊቆጡ ዘወር ሲሉ ከመስታወቱ የሚወጣው ሙቀት ፊታቸውን ነካው። ወዲያው ተነሡ። የሺዋስ አጎንብሶ ቴርሞሜትሩን አየ። አርባ ሁለት። ብርድ እንቁላልን ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ሙቀት ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ይህን መሳፍንት ደጋግሞ ነግሮታል።

ሶኬቱን ሊነቅል እጁን ሰደደና ተወው። ማሞቂያውም ኮምፒውተሩም ከአንድ ሶኬት ነው የሚጠጡት። ኮምፒውተሩ አሁንም በድንገት ከጠፋ፣ እንደገና ስለ መነሣቱ ማን ያውቃል?

«ምን ትገተራለህ?» አሉ አያ ታረቀ። «ዶሮ ሲሞቃት ተነሥታ ትናፈስ የለም እንዴ? ክፈተው እንጂ!» የሣጥኑን በር ራሳቸው ከፈቱት። የቤቱንም በር በእግራቸው ገፍተው ከፈቱና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ያራግቡ ጀመር። የበረዶው ቅዝቃዜ እየተግተለተለ ገባ። «አንተ እዚያ ተቀመጥና ያን ነገርህን አድርግ!»

ሽማግሌ ቆሞ እያራገበ የሺዋስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኮንትሮል፣ አልት፣ ቲ። ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ። ነጥብ። ያጋደለች ሰረዝ። ስሙ። ኢንተር።

ኮምፒውተሩ አኮረፈ። እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየ። ስሕተት የላቸውም። ደግሞ ጻፈ። ደግሞ አኮረፈ። ስልኩን አነሣ፤ ኔትወርክ የለም። ፋይሉ ጠፋ? መስኮቱን ሲዘጋ እርሱንም አጠፋው?

«አልሆነም?» አሉ አያ ታረቀ እያለከለኩ።

«የለም ይለኛል። ቅድም ነበረ።»

«የት ነበረ?»

«እዚሁ…» አለና ቆም አለ። እዚሁ። ቅድም «እዚሁ» ሲል የት ሆኖ ነበር? ጓዳው ውስጥ ገብቶ ነበር። ይኼኛው መስኮት ግን አዲስ ነው፤ ገና አሁን የተከፈተ። አዲስ መስኮት የከፈተ ሰው የሚቆመው ደጅ ላይ ቢሆንስ?

ኤል ኤስ አለ። ያ የስም መዓት ተዘረገፈ። «ሙቀት» በመካከሉ የለም። «ዶሮ» ግን አለ።

ሲ ዲ፣ ክፍተት፣ «ዶሮ»። ከኢንተሩ በፊት ቆሞ አነበበው። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም። ነጥብ። ያጋደለች ሰረዝ። ስሙ።

ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። አርባ አንድ ከምናምን፣ ከሥሩም ሌላ አርባ አንድ። ከሣጥኑ «ቀጭ» አለ።

ቀይዋ አምፖል ጠፋች።

«ጠፋች!» አለ የሺዋስ።

«ውይ! ሞተች?»

«አይደለም አያ፣ መጥፋቷ ነው ጥሩ!»

«እንዲህ በለኛ!» አያ ታረቀ ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው ግድግዳ ተደገፉ። እንደ በርበሬ ቀልተዋል።

ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ሲደርስ የሣጥኑን በር ዘጉት። በረዶው ወደ ካፊያ ተለወጠ። የሺዋስ ሣጥኑን አየ፤ ሙቀቱ ተመልሷል፤ ውስጡ ያለው ነገር ስለ መመለሱ ግን ቁጥሩ አይናገርም።

እትዬ ሥራነሽ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡ። «መብራት ከጠፋ ጀምሮ ልቤ እንደ ተሰቀለ ነው። ደኅና ናቸው?»

አያ ታረቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አንቺ ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ መብራቱ…»

«መብራቱ አይደለም፣ አያ» አለ የሺዋስ። አልተነሣም፤ ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ አላነሣም። «እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ የሚሠራበትን መስኮት ዘጋሁት። አርባ ሁለት ደርሶ ነበር።»

እትዬ ሥራነሽ ጫማቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ለምን ዘጋኸው?»

አያ ታረቀ ከወንበሩ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ወንበሩ ተመለከቱና ቀስ ብለው፣ «እኔ ስገባ ነው» አሉ። «ሊቀበለኝ ሲነሣ።»

ማንም አልሣቀ።

«በሩን ዝጉልኝ» አሉ እትዬ ሥራነሽ። የጣሪያውን መብራት አጥፍተው የስልካቸውን ባትሪ አበሩና ከላይኛው መደብ አንድ እንቁላል አነሡ። በብርሃኑ ላይ አስቀመጡት። ውስጡ የጫጩቱ ጥቁር ጥላ አለ፤ አይንቀሳቀስም። ጠበቁ። አይንቀሳቀስም። ሁለተኛውን አነሡ። ሦስተኛውን። የሺዋስ በጨለማው ውስጥ የእትዬ ሥራነሽን ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ማሞቂያው ያለው ከላይ ነው፤ የላይኛው መደብ መጀመሪያ ተመታ። የሞተውን መጣያ አድርገው ከአጠገባቸው ወዳኖሩት ገንዳ የገባው እየበዛ፣ ወደ መደቡ የተመለሰ ጠፋ።

ከመካከለኛው መደብ አነሡ። ጥላው ዝም አለ። እትዬ ሥራነሽ ገንዳው ውስጥ ሊያስቀምጡት እጃቸውን ሲያዘነብሉ ጥላው ፈራገጠ።

«አየህ?» አሉ በሹክሹክታ።

«አየሁ።»

ቀጣዩም ፈራገጠ። ከዚያ አንድ ዝም ያለ፣ ከዚያ ደግሞ ከምንም የበረታ፣ ብርሃኑ ሲነካው የሚዘል። የታችኛው መደብ እንዳለ ሕይወት ነው። አያ ታረቀ፣ «እስቲ እኔም ልይ» ብለው ጢማቸውን ብርሃኑ ውስጥ አስገቡና፣ «ይኼስ የዓለምነውን ወይፈን ነው የሚመስል፣ አጥር ይጥሳል» አሉ።

መብራቱን መልሰው አበሩ። እትዬ ሥራነሽ ገንዳውን አዩት። በየእንቁላሉ ላይ የባለቤቷ ምልክት በእርሳስ ተደርጓል፤ በገንዳው ያሉት አብዛኞቹ ምልክታቸው አንድ ነው። ሲደረደሩ ታችና መካከሉን ለሌሎቹ ሴቶች ትተው፣ ለራሳቸው የተረፈውን የላይኛውን ቦታ የወሰዱ እርሳቸው ናቸው።

«የእርስዎ ነው» አለ የሺዋስ።

«የእኔ ነው።» ገንዳውን በነጠላቸው ሸፈኑት። «የሌሎቹ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፊት የለኝም ነበር። የሚወጣ ጫጩት አለ። ማሽኑን ሊወስዱ ቢመጡ የማሳየው አለኝ።» ጫማቸውን አንሥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። «ስማ፣ የሺዋስ። መሳፍንት መጥቶ እስኪያስተካክለው ድረስ ከዚያች ወንበር እንዳትነሣ። ጳጳስ ቢገባ እንኳ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ኧረ ለእኔም አትነሣ» አሉ አያ ታረቀ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተከተሏቸው።

የሺዋስ ብቻውን ቀረ። በጥቁሩ መስኮት ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሠላሳ ሰባት ተኩል፣ ሠላሳ ሰባት ከሦስት፣ ሠላሳ ሰባት ከአንድ። «ቀጭ» አለ፤ ቀይዋ አምፖል በራች። የሺዋስ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ እስክትጠፋ ጠበቀ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። ከሰዎቹ ድምፅ ጋር የጭቃው ጩቅ ጩቅታ ራቀ። አምፖሏ አሁንም በርታለች። ትንፋሹን ያዘ።

«ቀጭ»። ጠፋች።